አትንኪያት የተባልኳት ላስቲክ

ፕሪንተሬ ሲበራ የሚያሰማውን ድምፅ እንደ ሰው ትንፋሽ እሰማዋለሁ። ቀለሙን የተሸከመው ሳጥን መጀመሪያ ዝግ ብሎ ወደ ቀኝ ይሄድና ግድግዳውን ነካ ያደርጋል። ከዚያ ይመለሳል፤ ደግሞ ይሄዳል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ፣ "ቤቱን እየፈለገ ነው፤ የት እንደቆመ ሳያረጋግጥ ሥራ አይጀምርም" ይለኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም። ሳጥኑ ሄዶ እስኪመለስ ድረስ ትንፋሼን ይዤ ነው የምጠብቀው።

የወሎዋ ሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ። ፍኖተ ሰላም የመጣሁት ባለቤቴን ተከትዬ ነው። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራይተን የኮምፒዩተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፈትን። እሱ ማሽን ይፈታል፣ ይገጥማል፤ እኔ እጽፋለሁ። እሱ አረፈ፤ እኔ ከማሽኖቹ ጋር ቀረሁ። ሰው ሁሉ "ለምን ወደ አገርሽ አትመለሺም?" ይለኛል። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ይዘጋል። መንገዱ ቢከፈትስ መቃብሩን ለማን ጥዬ ልሂድ?

ከመድከሙ በፊት አንድ ቀን የፕሪንተሩን ክዳን ከፍቶ ውስጡን አሳየኝ። ከሳጥኑ ጀርባ፣ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ፣ ከጫማ ማሰሪያ የማትሰፋ ግልጽ ላስቲክ ተወጥራለች። "ሌላውን ሁሉ ጥረጊ፤ ይቺን ግን አደራ፣ እንዳትነኪያት። እሷ ከተበላሸች ፕሪንተሩ ዕውር ነው" አለኝ። ለምን እንደሆነ ልጠይቀው ስል ደንበኛ ገባ። ከዚያ ወዲያ ስለ ላስቲክ የምናወራበት ቀን አልመጣም። "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የሟች አደራ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል።

ማሽኑን እሱ እንደሚያውቀው ስለማላውቀው፣ በማውቀው ጠበቅሁት። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ቤቱን ስከፍት በጀሪካን ካመጣሁት ጸበል በኩባያ እቀዳለሁ። በስመ አብ ብዬ ደጃፉን፣ ወንበሩን፣ የወረቀት መደርደሪያውን እረጫለሁ። ከሁሉ የምፈራለት ፕሪንተሩን ነበርና፣ ክዳኑን ከፍቼ በጣቴ ጫፍ ሁለት ሦስት ጠብታ አደርግለታለሁ። ከጎኔ ባለው በረንዳ ላይ የሚሰፉት ሙስሊሙ ልብስ ሰፊ፣ ጋሼ የምላቸው ሰው፣ አንድ ጊዜ አይተውኝ፣ "እታለም፣ ኮረንቲና ውሃ ባልና ሚስት አይደሉም" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ማድረጌን ግን አልተውሁም። ላስቲኳን እንደሆነ ጣቴን አሳርፌባት አላውቅም ነበር።

ፕሪንተሩ እንቢ ያለኝ ቀን በጥር ወር ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ከነገ ወዲያ መኪና የለም የሚል ወሬ ከተማው ውስጥ ገብቷል። ሰው በችኮላ ዘይትና ጨው ይሸምታል፤ ግማሹ ሱቅ በሩን ገርበብ አድርጓል። እኔም ልዘጋ ስል፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ አንዲት እናት ዣንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ እየተደገፉ ገቡ። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አቧራ ነው።

"እንደምን ዋልሽ ልጄ? ይችን በማሽን ታደርግልሻለች ብሎ ፍርድ ቤቱ ደጅ ያለው ራፖር ጻፊ ላከኝ" አሉና ከመቀነታቸው ውስጥ አራት ገጽ የእጅ ጽሑፍ አወጡ።

"ከየት መጡ እናቴ?"

"ኸሽንዲ ማዶ። ቡሬ ላይ መንገድ ይከፈታል እያሉ ሦስት ቀን አስቀመጡኝ። ሲመረኝ እስከ ማንኩሳ በእግሬ፣ ኸማንኩሳ ወዲህ ደግሞ በባጃጅ።"

ወረቀቱን አነበብሁት። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ የባላቸው ወንድም የድንበሩን ድንጋይ ወደ እሳቸው ማሳ አስገብቶባቸዋል። የወረዳው ፍርድ ቤት ለእሱ ፈርዷል። ይግባኝ የሚሉበት ቀን ደግሞ የሚያልቀው ያን ዕለት ነው። መዝገብ ቤቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

"ዛሬ ካላስገባሽ ነገ የለሽም አለኝ ራፖር ጻፊው" አሉኝ። "የቀረችኝ ያች መሬት ናት። እሷ ኸሄደች በልጆቼ ደጅ ለማኝ መሆኔ ነው።"

መጻፍ ጀመርሁ። እየጻፍሁ አነብላቸዋለሁ። "ድንጋዩ ተነቅሎ" ስል አቋረጡኝ።

"ተነቅሎ አትበይ። ተነቅሎስ ቢሆን ጉድጓዱ ይመሰክርልኝ ነበር። ጉድጓዱን ደፍኖ ነው የወሰደው። ተዛውሮ በይ።"

ተዛውሮ አልሁ። አራቱን ገጽ ጽፌ፣ አርሜ፣ ሦስት ቅጂ እንዲያወጣ አዝዤ ፕሪንተሩን አበራሁት።

ጓ!

ሳጥኑ እንደ ደነበረ በሬ ከቀኙ ግድግዳ ጋር ተላተመ። እናትየው ብድግ አሉ። ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። አጠፋሁት፤ አበራሁት። አሁንም ዝግ ብሎ ነካ ማድረግ የለም፤ መንደርደርና ጓ! ሦስተኛውን ለመሞከር እጄ እንቢ አለኝ። ሊሰበር ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ የባሰውን ደግሞ አሰብሁ፤ ይህ ነገር ምልክት ይሆን? ምን በድዬ ይሆን?

ስልክ አነሣሁ። ፕሪንተር የሚጠግነው ሰው ያለው ቡሬ ነው፤ መስመሩ ግን አይሠራም። ሮጬ ወጥቼ ማዶ ያለውን ጽሑፍ ቤት አየሁ፤ ተቆልፏል። መናኸሪያው አጠገብ ያለውን ጠየቅሁ፤ በእነሱ በኩል መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው። በእጅ የተጻፈ ደግሞ መዝገብ ቤቱ አይቀበልም። ላብ በላብ ሆኜ ስመለስ እናትየው ከወንበሩ ንቅንቅ አላሉም። ዓይናቸው ደጁ ላይ ነው። ሰዓት አያዩም፤ የፀሐይዋን መስመር ነው የሚያዩት። ያን ጊዜ መስመሩ ከደጃፉ ድንጋይ አልፎ ነበር።

"ተሰበረ ልጄ?"

"አልተሰበረም እናቴ" አልኋቸው። እውነቱን ግን አላውቀውም ነበር።

ልብስ ሰፊው ድምፁን ሰምተው መጡ። ሜትራቸው እንደ ወትሮው አንገታቸው ላይ ነው።

"ምን ፈነዳ እታለም?"

"ፕሪንተሩ ነው ጋሼ። የሚቆምበትን አጣው። ዝም ብሎ ይላተማል።"

"አጥፊውና ክፈችው፤ እንየው።"

ገመዱን ነቅዬ ክዳኑን ከፈትሁ። ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ጠረጴዛውን ለሁለት ገፍተን ወደ ደጃፉ አወጣነው። ሰፊው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አጎነበሱ። እጃቸው ወደ ላስቲኳ ሲሄድ ጮኽሁ።

"እሷን አይንኩብኝ! አደራ ናት።"

"የማን አደራ?"

ነገርኋቸው። እጃቸውን ሰበሰቡ። የሟች ቃል መሆኑን ሲሰሙ ቀልዳቸውንም ተዉት። "እንግዲያው ሳልነካ ልየው" አሉ። እያዩም ቆዩ። ከዚያ ሳጥኑን ብቻ በአንድ ጣታቸው ቀስ አድርገው ወደ ግራ ገፉት፣ ወደ ቀኝ መለሱት።

"ይሄ'ኮ ባዶ ላስቲክ አይደለም" አሉ። "ነይ እስኪ እዪው፣ በብርሃኑ ትይዩ። መስመር አለው። ፀጉር ያህል፣ ፀጉርም ይወፍራል። ከዳር እስከ ዳር መስመር ነው። ወላሂ ሜትር ነው! ሳጥኑ ደግሞ ከጀርባው ስንጥቅ አለው፤ ላስቲኩ በስንጥቁ ውስጥ ነው የሚያልፈው። መስመሩን እየቆጠረ ነው የሚሄደው ማለት ነው። እኔ ጨርቅ ስለካ ጣቴን ሜትሩ ላይ እንደማስኬደው።"

በኋላ የቡሬው ጠጋኝ እንዳስረዳኝ ሰፊው አልተሳሳቱም። በስንጥቁ በአንዱ ወገን ትንሽ መብራት አለ፤ በሌላው ወገን የሚያይ ዓይን። በመሐላቸው ላስቲኳ ታልፋለች። መስመር ሲመጣ ብርሃኑ ይጋረዳል፤ ክፍተት ሲመጣ ይገለጣል። ሳጥኑ ያንን መጋረድና መገለጥ እየቆጠረ ነው የት እንደደረሰ የሚያውቀው። ቆጠራው ከጠፋበት ገና አልደረስሁም ብሎ ይነዳል፤ ግድግዳ እስኪመልሰው።

ያን ዕለት ግን ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው ሰፊው ቀጥለው ያሉትን ነው።

"እዚህ ጋ ነጭ ነጠብጣብ አለ። እዚህም። እዚህም። መስመሩን ሸፍኖታል። ውሃ ነክቶታል እንዴ?"

አጎነበስሁና አየሁ። አወቅሁት። የጸበሌ ጀሪካን አፍ ላይ ሲደርቅ የሚቀረው፣ ኩባያዬም ዳር ላይ ክብ ሠርቶ የሚያስቸግረኝ ነጭ ኖራ የሚመስል ነገር ነው። ጸበሉ ከሚፈልቅበት ድንጋይ ይዞት የሚመጣ ነው። ሰኞ ሰኞ፣ ጠብታ በጠብታ፣ በገዛ ጣቴ ያኖርሁት።

ሰፊው "ውሃ ነው?" ብለው ደገሙልኝ። መልስ አልሰጠሁም። እናትየውን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

"ማጽዳት ነው እንግዲህ" አሉ ሰፊው።

"አልችልም ጋሼ። እንዳትነኪያት ነው ያለኝ። መስመሩ አብሮ ቢጠረግስ?"

"እታለም፣ አደራ የሰጠሽ ማሽኑ እንዲኖር ነው ወይስ ማሽኑ ሞቶ ላስቲኩ እንዲኖር?"

"እርስዎ ይጥረጉልኝ ታዲያ።"

"እኔማ አልነካም" አሉ ፈጥነው። "አደራው የተሰጠሽ ላንቺ ነው። ብትሳሳቺም ያንቺ፣ ቢቀናሽም ያንቺ ይሁን።"

እናትየው ከወንበራቸው ወደ እኔ ዞር አሉ። "አንች ልጅ" አሉኝ፣ "እኔ የባሌን አደራ ይዤ ነው ኸሽንዲ እዚህ ድረስ የመጣሁ። መሬቱን አደራ ብሎኛል። አደራ ዝም ብለው ሲያዩት የሚጠበቅ ቢሆን ቤቴ እቀመጥ ነበር።"

ሰፊው ከቅዳጆቻቸው መሐል ለስላሳ የፖፕሊን ቁራጭ አመጡልኝ። ከጸበሉ ጀሪካን ሳይሆን ከመጠጥ ውሃዬ ጫፉን አራስሁ። አማተብሁና "አቡነ ዘበሰማያት" ብዬ ጀመርሁ። በሁለት ጣቴ ጨርቁን አጥፌ ላስቲኳን ከፊትና ከኋላ ያዝኋት። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሳልጫን፣ ሳልጎትት። መሐል ላይ ስደርስ አንዱ ነጭ ነጥብ አልለቅ አለኝ። ትንሽ ጫን ስል ላስቲኳ ከግራ ጫፏ ተሳበች፤ "ጥርቅ" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

"በጠስኋት!"

"አልበጠስሻትም" አሉ ሰፊው። "ጫፏ ላይ ስፕሪንግ አለ፤ እሱ ነው የተሳበው። ቀጥይ።"

"ኢታብአነ" ላይ ስደርስ ጸሎቱ ጠፋብኝ፤ ልጅ ሆኜ የተማርሁት፣ ተኝቼ እንኳ የምለው ጸሎት። እንደገና ከመጀመሪያው ያዝሁ። በደረቁ የጨርቅ ጫፍ ደግሜ ተመላለስሁባት። ወደ ብርሃኑ ትይዩ ስናያት ነጩ የለም፤ መስመሩ አለ።

ገመዱን ሰካሁ፤ አበራሁ። ዓይኔን ጨፈንሁ። ሳጥኑ ዝግ ብሎ ሄደ። ነካ አደረገ። ተመለሰ።

"ተመስገን!" አልሁ። "አልሃምዱሊላህ" አሉ ሰፊው። እናትየው ግን ገና ወረቀቱን ነው የሚጠብቁት።

ወረቀት ሞልቼ አዘዝሁ። ፕሪንተሩ አንድ ወረቀት ሳበ፤ ሳጥኑ በላዩ ሄደ፤ ቆም አለ፤ ባዶውን ወረቀት ተፋው። ኮምፒዩተሩ ላይ "ወረቀት የለም" የሚል መጣ። እንዴት የለም? ሃምሳ ያህል ወረቀት ተደርድሮ! አራገፍሁት፤ መልሼ አስተካክዬ አስገባሁት። ሳበ፤ አየ፤ ተፋ። የለም። በሦስተኛው መሬት ላይ ተቀመጥሁ። መስመሩን አጥፍቼዋለሁ፣ አንዱን በሽታ በሌላ በሽታ ለወጥሁት አልሁ በልቤ። አሥር ሰዓት አልፏል። ፀሐይዋ ጠረጴዛውን፣ ፕሪንተሩን፣ ወረቀቱ የሚወጣበትን አፉን ሁሉ አልብሳዋለች።

እናትየው ተነሡና መጥተው ፕሪንተሩን ከፊት ለፊቱ አዩት።

"ይኸ ዕቃ ዓይን አለው አላችሁኝ አይደል?" አሉ።

"ያለው ይመስላል" አሉ ሰፊው።

"ዓይን ኸኖረውማ ፀሐይ ወግቶት ነዋ! እኔ ዓይኔን ሞራ ኸያዘኝ ወዲህ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመጣብኝ የደረጃ ጫፍ አይታየኝም። ትናንት ማንኩሳ ላይ እንደ ጆንያ የወደቅሁ ለዚህ ነው።"

ይህን ብለው ዣንጥላቸውን ዘረጉና በፕሪንተሩ ላይ ያዙለት። ሰፊው ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። "እማማ፣ ለሰው የሚይዘው አጥቶ ለዕቃ!"

"ሳቅ አንተ! ኸማንኩሳ ጀምሮ ያልዘረጋሁት ዛሬ ለዚህ ኖሯል።"

እኔ አልሳቅሁም። አምላክ ይቅር ይበለኝና ከታቦት ላይ የሚዘረጋው ጥላ ነው ትዝ ያለኝ። ከተቀመጥሁበት ተነሥቼ እንደገና አዘዝሁ። ወረቀት ሳበ። ሳጥኑ በላዩ ሄደ፤ ቆም አለ። ከዚያ መጻፍ ጀመረ።

ይህንንም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከሳጥኑ ሥር ወደ ታች የሚያበራ ትንሽ መብራትና የሚያይ ዓይን አለ። ከሥሩ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል፤ ነጭ ወረቀት ግን ይመልሰዋል። ሳጥኑ በሄደ ጊዜ ብርሃኑ የሚመለስበትንና የማይመለስበትን ለይቶ የወረቀቱን ጫፍ ያውቃል። ፀሐይ ከውጭ ገብታ ስትደባለቅበት ግን ጥቁሩም ነጩም አንድ ሆኖበት ጫፍ ያጣል። ጫፍ ከሌለ ለእሱ ወረቀት የለም።

አሥራ ሁለት ገጽ ነው የሚወጣው። እያንዳንዱ ገጽ ሲወጣ እኔ እያነበብሁ አስቀምጣለሁ፤ ሰፊው ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ ይዘዋል፤ እናትየው ዣንጥላውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። እጃቸው እየዛለ ሲመጣ እኔ ልያዝ ብላቸው እንቢ አሉኝ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ መብራቱ ፈዘዘ፤ ሦስታችንም ቀና አልን። ተመልሶ ደመቀ።

አሥራ ሁለተኛው እንደወጣ ስቴፕለሬን አንሥቼ መታሁት። የማኅተም ቀለሜን አምጥቼ አውራ ጣታቸውን አስነክሬ በሦስቱም ላይ አስፈረምኋቸው። ክንዳቸውን ይዤ አስፋልቱን አሻገርኋቸው። መዝገብ ቤቱ ደጅ ስንደርስ ሠራተኛው ቁልፉን በእጁ ይዟል። እኔን ያውቀኛል፤ አየኝ፤ ከዚያ የእሳቸውን አቧራማ እግር አየ። በሩን መልሶ ከፈተ። መዝገቡ ላይ ጻፈ፤ ቀኑን መታበት፤ አንዱን ቅጂ ለእሳቸው መለሰ።

ከመዝገብ ቤቱ የጓሮ ደረጃ ስንወርድ ፀሐይዋ ፊት ለፊታችን ነበረች። የደረጃውን ጫፍ እንዳይስቱት እጃቸውን አጥብቄ ያዝሁ። እሳቸው ግን በዚያው እጃቸው እጄን ጨምቀው ይመርቁኝ ጀመር። "ጸሎትሽን ሰምቶልሻል። ያን ዕቃ ጸሎትሽ ነው ያስነሣው። ልጅ ይስጥሽ፣ አገርሽ ያግባሽ..."

ምርቃቱ አቃጠለኝ። ዝም ብለው ቢሄዱ አንድም ሰው ሳያውቅ ይቀር ነበር። ሰፊውም ቢሆኑ ጠይቀው መልስ አላገኙም። ፈራሁ፤ ግን የማይገባኝን ምርቃት ይዤ ወደ ቤቴ መግባት የባሰ አስፈራኝ።

"እናቴ፣ አይመርቁኝ" አልኋቸው። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እንዳይበላሽ ብዬ ሰኞ ሰኞ ውስጡን ጸበል እረጨው ነበር። ያ ነጩ ጸበሌ ደርቆ የቀረ ነው። መሬትዎን ላስወስድብዎት ነበር።"

መራመዳቸውን አቆሙ። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"አንች የዋህ" አሉኝ። "ጸበል ለታመመ ነው። ላልታመመው ምን አስረጨሽ?"

"ስለምፈራ።"

"እንግዲያ የታመምሽው አንች ነሻ! ራስሽ ላይ አትረጭውም ነበር?" ብለው ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን እጄን አልለቀቁም። "ምርቃቱንም አልመልስም። ወጥቷል" አሉኝ።

ያን ዕለት ለመንገድ ስለመሸባቸው እኔው ዘንድ አደሩ። በማግስቱ መንገዱ ሳይዘጋ አንድ አይሱዙ ተገኝቶ ማለዳ ሄዱ። ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋል። ቀኑን ከግድግዳዬ ካሌንደር ላይ በእስክሪብቶ ከብቤዋለሁ። በዚያ ቀን መንገዱ ክፍት ይሆን ወይስ ይዘጋ፣ እሳቸው ይድረሱ ወይስ ቡሬ ላይ ይቅሩ፣ አላውቅም። በየዕለቱ አስባቸዋለሁ።

ፕሪንተሩ አሁን ፀሐይ ከማትደርስበት ጥግ ነው ያለው። ሰኞ ሰኞ ጸበሉን መጀመሪያ ፊቴን እታጠብበታለሁ፤ የቀረውን ደጃፉ ላይ እረጫለሁ። ከዚያ እጄን በደንብ አድርቄ ማብሪያውን እጫናለሁ። ሳጥኑ ዝግ ብሎ ወደ ቀኝ ይሄዳል።